ሹም ሽር ከክንፍ ሥር

ይህ ጽሑፍ ስለ አውሮፕላን ነው። ቀድሞ መናገሩ ሳይሻል አይቀርም፤ የእኛ አንባቢ ስለ በሬ ሲጻፍለት ስለ ሚኒስትር፣ ስለ ክረምት ሲጻፍለት ስለ ኑሮ ውድነት ማንበብ የለመደ ነውና። እዚህ ክንፍ የተባለው ክንፍ ነው፤ ጅራት የተባለውም ጅራት። ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ጉዳዩ የእነሱ ስለሆነ።

የአሜሪካ አየር ኃይል ቢ-52 የሚባል ቦምብ ጣይ አለው። መጀመሪያ የበረረው ኤፕሪል 15 ቀን 1952 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1951፣ አሜሪካኖች ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ማንም ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ፕሬዚዳንት ሆኖ እንዳይመረጥ ደንግገው ነበር። አርቃቂዎቹ ብልሆች ናቸው፤ ሰው ወንበር ላይ ሲሰነብት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ስለ አውሮፕላን ግን የጻፉት ነገር የለም። ስለዚህ ከትሩማን ጀምሮ 14 ሰዎች በዋይት ሐውስ ሲፈራረቁ ቢ-52 ካለበት አልተነቃነቀም። በ1955 ሥራ ጀመረ፤ በጠቅላላው 744 ተሠርተው የመጨረሻው በ1962 ከፋብሪካ ወጣ። ዛሬ በአገልግሎት ላይ ያሉት 76 ሲሆኑ ሁሉም «ኤች» የሚል ፊደል የተሰጣቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ ስድሳውን አልፏል። የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ የጡረታ ደብተሩን ይዞ ባንክ በር ላይ ተሰልፎ ነበር።

እሱ ግን ጡረታ አይወጣም። ሞተር ሊለወጥለት ነው። አየር ኃይሉ እስከ 2050ዎቹ ድረስ ሊያበረው ስላሰበ ዕቅዱ ከሰመረ ይህ አውሮፕላን መቶኛ ዓመቱን በሥራ ላይ ሆኖ ይጠባበቃል ማለት ነው።

አወላለዱ ራሱ የሚያስገርም ነው። በኦክቶበር 1948 የቦይንግ መሐንዲሶች በማራገቢያ የሚበር ቦምብ ጣይ ንድፍ ይዘው ኦሃዮ ውስጥ ወደምትገኘው ዴይተን ከተማ ሄዱ። ጉዳዩን የያዘው ኮሎኔል ፒት ዋርደን አይቶ አልወደደውም፤ በጄት ሞተር አድርጋችሁ አምጡ አላቸው። መሐንዲሶቹ ወደ ቢሮ አልተመለሱም፣ ኮሚቴም አላቋቋሙም፤ ቫን ክሊቭ የሚባል ሆቴል ውስጥ ክፍላቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ጆርጅ ሻይረር የተባለው ከመጫወቻ ዕቃ መሸጫ ቀላል እንጨት ገዝቶ ሞዴሉን በእጁ ቀረጸ፤ ሌሎቹ አሰሉ፣ ሣሉ። ሰኞ ጠዋት 33 ገጽ ሰነድና አንዲት ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ለኮሎኔሉ ቀረቡለት። ስምንት ሞተር፣ ወደ ኋላ ያጋደሉ ረጃጅም ክንፎች። በጥድፊያ፣ በሆቴል ክፍል፣ በጥቂት ሰዎች የተነደፈ ነገር መቶ ዓመት ሲጠጋ ማየት ለሌሎች ነዳፊዎችም ተስፋ ይሰጣል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ያስፈራል።

የዛሬዎቹ ስምንት ሞተሮች ቲኤፍ-33 ይባላሉ። ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ማቀፊያ ከክንፉ ሥር ተንጠልጥለዋል። የሠራቸው ፕራት ኤንድ ዊትኒ ማምረቱን ያቆመው በ1985 ነው። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ የሚገኘው ከሟች እየተገፈፈና ያለው እየተጠጋገነ ነው። ብዙ ይበላሉ፤ ሲነሡ ሰማዩን በጥቁር ጭስ ይሸፍኑታል፤ ያም ሆኖ ለዓመታት ከቦታቸው የነቀነቃቸው አልነበረም። አንድ ጊዜ ግን፣ በጃንዋሪ 2017፣ ከሰሜን ዳኮታው ማይኖት የጦር ሰፈር ለልምምድ ከተነሣ አንድ ቢ-52 ላይ አንዱ ሞተር በአየር ላይ ሳለ ተገንጥሎ ወደቀ። የወደቀበት ሥፍራ ሰው ስላልነበረበት የተጎዳ የለም። አውሮፕላኑም በሰባቱ በርሮ በሰላም አረፈ። ከስምንት ባለሥልጣን አንዱ ቢወርድ ሥራ እንደማይስተጓጎል በዚህ ታወቀ፤ ያ አንዱ ቀድሞ ምን ይሠራ ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው ስለመኖሩ ግን አልሰማሁም።

ሞተር ይለወጥ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1996 ቦይንግና ሮልስ ሮይስ ተጣምረው ስምንቱን አውርደን አራት ትልልቅ እንስቀል፣ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ታተርፋላችሁ ብለው ነበር። አየር ኃይሉ እንዲጠና አዘዘ። በ1997 የወጣው ጥናት ማትረፉ ቀርቶ 1.3 ቢሊዮን ዶላር እንከስራለን አለ። ነገሩ ተዘጋ። ቆየት ብሎ የመከላከያ ሳይንስ ቦርድ የሚባለው አማካሪ አካል ጥናቱን አጥንቶ ስህተት የበዛበት ጥናት መሆኑን አረጋገጠ፤ ሞተሩ ሳይውል ሳያድር ይለወጥም አለ። ጥናትን የሚያጠና ጥናት፣ በላዩም ሌላ ጥናት! ይህን ስጽፍ አንባቢ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ፤ እኔ ግን አሁንም የማወራው ስለ አሜሪካ ነው።

ከስህተቶቹ አንዱ ቆም ብለው የሚያዩት ነው። ነዳጁ ሲሰላ በጅምላ መግዣው፣ ማለትም በጋሎን በአንድ ዶላር ገደማ ነበር የተሰላው። ቢ-52 ግን ነዳጁን ሁልጊዜ መሬት ላይ አይሞላም። ከ140 ሺህ ኪሎ በላይ ነዳጅ የሚይዝ ሆድ ቢኖረውም ሩቅ ሲሄድ ሌላ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ተከትሎ ያጠጣዋል። የዚያ ተከታይ ነዳጅ፣ የዚያ ተከታይ አብራሪ፣ የዚያ ተከታይ ጥገና ሲደመር ያው አንድ ጋሎን ወደ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንደሚወጣ ቦርዱ በ2001 አስልቶ አሳየ። ውሃው ምንጩ ላይ በነጻ ነው፤ ዋጋውን ማወቅ የፈለገ እንስራ ተሸካሚዋን ይጠይቅ። ሽማግሌው ምን ያህል እንደሚበላ ለዘመናት ሲቆጠር የተቆጠረው በገበታው ላይ የቀረበው ብቻ ነበር። ተከትለው የሚያጎርሱት ምን እንደሚበሉ በሌላ መዝገብ ተጽፎ በሌላ ቢሮ ተቀምጧል።

በመጨረሻ በሴፕቴምበር 2021 የጨረታው ውጤት ታወቀ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ነበረበት፤ የድሮዎቹን የሠራው ፕራት ኤንድ ዊትኒም ልጁን ይዞ ቀርቦ ነበር። ያሸነፈው የሮልስ ሮይስ የአሜሪካ ክፍል ነው። ኤፍ-130 የሚባለውን ሞተር ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ይሠራል፤ ለ76ቱ አውሮፕላኖች 608፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ 42፣ በድምሩ 650። የውሉ ጣሪያ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ በሉ። 76 በስምንት ሲባዛ 608 ነው። ስምንት ወርዶ ስምንት ይወጣል። የአራቱስ ነገር?

አራት ጉልበታም ሞተሮች የስምንቱን ሥራ ይሠሩት ነበር። ችግሩ ጅራቱ ጋ ነው። ከአራት ኃይለኛ ሞተሮች በክንፉ ጫፍ በኩል ያለው አንዱ ድንገት ቢያቆም ግፊቱ በአንድ ወገን ይበዛና አውሮፕላኑ ይዞራል። ያን ጊዜ ቀጥ አድርጎ መያዝ ያለበት ከጅራቱ ጋር የተያያዘው መሪ ነው። የቢ-52 ጅራት ከሩቅ ሲያዩት ግርማው ያስደነግጣል፤ ፎቅ ያክላል። መሪ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው ግን ከኋላው ያለች ቀጭን ቁራጭ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ የተሠራችው ከስምንት ትናንሽ አንዱ ሲያኮርፍ ለማባበል ነው፤ ከአራት ጉልበታሞች አንዱ ሲያምፅ ለመቋቋም አይደለም። ስለዚህ በአቅም አራት ከመሾም በቁጥር ስምንት መሾም ይሻላል ተባለ። አንዱ ቢደክም፣ ቢከዳ፣ ወይም እንደ ማይኖቱ ተገንጥሎ ቢወድቅ ጅራቱ ይችለዋል። ጅራቱን መለወጥስ? ጅራቱን ለመለወጥ የኋላውን አካል መንካት ይመጣል፤ አካሉን ከነኩ ደግሞ ሌላ አውሮፕላን መሥራታቸው ነው። እዚያ ድረስ የሄደ ሰው የለም። ልጆች ሳለን ታላላቆቻችን ጥገናዊ ለውጥ ነው ሥር ነቀል እያሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ይሰማን ነበር፤ የቦይንግ መሐንዲሶች ያን ክርክር በአንድ የጅራት ሥዕል ዘግተውታል።

አዲሱ ሞተር ከድሮው የሚበልጥ ጉልበት ይዞ እንዳልመጣም ማወቅ ያስፈልጋል። የአንዱ ግፊት 17 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነው፤ የድሮውም እንደዚያው። አውሮፕላኑ ከዚህ በኋላ የበለጠ አይፈጥንም። ልዩነቱ አመጋገቡ ላይ ነው፤ ወደ 30 በመቶ ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ይጠበቃል። አዲስ ተሿሚ ከተሻረው ያነሰ የሚበላበት ብቸኛው መሥሪያ ቤት ይህ ክንፍ ሳይሆን አይቀርም። በዚህስ መቅናት ይገባል። ደግሞም አንዴ ክንፉ ላይ ከተሰቀለ ለከባድ ጥገና ሳይወርድ እስከ አውሮፕላኑ ጡረታ ድረስ ይቆያል ተብሎ ታስቧል። ይህኛው እንኳ ብዙ አያስቀናም።

ኤፍ-130 ያደገበትን ቤት ስሰማ ግን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ይህ ሞተር ለጦርነት የተወለደ አይደለም። ቢአር-725 ከሚባለው ወንድሙ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ቢአር-725 ደግሞ ገልፍስትሪም ጂ-650 የተባለውን የሀብታሞች የግል ጄት የሚያበረው ነው። ቢሊየነር ቁርሱን አንድ አህጉር፣ ምሳውን ሌላ አህጉር የሚበላበት፣ ወንበሩ በቆዳ የተለበጠ አውሮፕላን። እንግዲህ ትናንት ባለሀብቱን ወደ ስብሰባ ሲያመላልስ የነበረው ዛሬ ከጄኔራሉ ክንፍ ሥር ገብቶ ከ30 ሺህ ኪሎ በላይ ቦምብ ሊሸከም ነው። ጋብቻው በሕግ ፊት ነው፤ ጨረታ ወጥቶበታል። ድሮ ጄኔራሉ ባለሀብቱን ይጠብቀው ነበር፤ ከአሁን ወዲያ ባለሀብቱ ጄኔራሉን ያበረዋል።

በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ የአየር ኃይል ቴክኒሻን አውቃለሁ፤ ወጣትነታቸውን ደብረ ዘይት ሃንጋር ውስጥ የጨረሱ። ቡና ላይ ሳለን ነገሩን አነሣሁባቸው።

«ጋሼ፣ ለቢ-52 አዲስ ሞተር ሊገባለት ነው ይላሉ» አልኳቸው።

«የቱ ቢ-52? የእነሱ ነው የእኛ?»

የሚቀልዱ መሰለኝ። አልቀለዱም። በ1968 ኢትዮጵያ አራት ካንቤራ ቦምብ ጣዮች ከእንግሊዝ ገዝታ ነበር፤ ያገለገሉና የታደሱ። እንግሊዞቹ ለኢትዮጵያ የሸጡትን ካንቤራ የሰየሙት ቢ-52 ብለው ነው። ከአሜሪካው ጋር በቁጥር ብቻ ሞክሼ፤ የእኛው ባለ ሁለት ሞተር ነበር።

«ሞተሩስ የማን ነበር ጋሼ?»

«ሮልስ ሮይስ ነዋ! አቮን ነው የሚባለው።» ስኒውን አስቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በአየር ላይ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው ቀስ አድርገው አዞሩት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ እንደ መቆም አሉና በጣታቸው ጫፍ ብቻ ጨመር። «ስማኝ ልጄ። ሞተር ማውረድና መስቀል ሙያ ነው፤ ከባድ ግን አይደለም። ክሬን ካለህ፣ ልጆች ካሉህ፣ ይሆናል። ጭንቁ የምታስርበት ጋ ነው። እኛ ከሞተሩ በፊት የምናየው ማሰሪያውን ነበር። በጨርቅ ጠርገህ፣ ባትሪ አብርተህ፣ ጣትህን ታስኬድበታለህ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካገኘህ ሞተሩ ወርቅ ቢሆን አትሰቅለውም። አዲስ ሞተር አሮጌ ስንጥቅን አይደፍንም፤ ያንቀጠቅጠዋል እንጂ።»

«አሜሪካኖቹ ይህን ያጡታል ብለው ነው?»

«እነሱማ ያያሉ። መሣሪያው አላቸው።» ስኒውን መልሰው አነሡ። «እኔ ስለማያዩት ነው የማወራህ።»

ጋሼ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የነበሩ ሰው ናቸው። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንዲህ አሉ፦

ሞተሩስ ታደሰ፣ ክንፉም አልደከመ፤
አብራሪ ጠፋና፣ ሰማዩ ጨለመ።

እኔ እንደ ጋዜጠኛ ወዲያው የአሜሪካ አየር ኃይል የአብራሪ እጥረት አለበት ማለታቸው ነው ብዬ ተረድቼ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። አወራረዱን ያላየ ሰው ባሕርዩን አያውቅም። አውሮፕላን ሁሉ የጎን ነፋስ ሲገጥመው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይመጣል፤ መሬት ሊነካ ሲል ግን ቀና ይላል። ቢ-52 አይቀናም። ዋና ጎማዎቹ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ 20 ዲግሪ እንዲዞሩ ተደርገው ተሠርተዋል። ስለዚህ አካሉ በሙሉ ወደ ሜዳው እያየ፣ ጎማዎቹ ብቻ በማኮብኮቢያው ላይ ቀጥ ብለው፣ በጎኑ እየሄደ ያርፋል። ከማማው ላይ ሆኖ የሚያየው እንግዳ ሰው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ፊቱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እግሩ ወደ ሌላ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። ከነፋስ ጋር ተስማምቶ ለመኖር ከዚህ የተሻለ ዘዴ ተገኝቶ እንደሆነ አላውቅም።

ሰምና ወርቅ የአበሻ ብቻ ነው ለሚልም ይህ አውሮፕላን መልስ አለው። ከማርች 18 ቀን 1969 ጀምሮ ቢ-52ዎች ካምቦዲያን በምስጢር መደብደብ ጀመሩ። ካምቦዲያ በይፋ ጦርነት ውስጥ ያልገባች አገር ስለነበረች ለምክር ቤቱ መንገር አልተፈለገም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በረራ ሁለት ታሪክ ተዘጋጀ። በወረቀት ላይ አውሮፕላኖቹ የሚሄዱት ደቡብ ቬትናም ውስጥ ወዳለ ዒላማ ነው። ሰማይ ላይ ከደረሱ በኋላ ከመሬት ያለው የራዳር ጣቢያ ሌላ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ቦምቡ የሚወድቀው ድንበሩን ተሻግሮ ነው። ከዚያ እውነተኛው ወረቀት ይቃጠላል፤ ወደ መዝገብ ቤት የሚሄደው ሐሰተኛው ነው። ሰሙ ደቡብ ቬትናም፣ ወርቁ ካምቦዲያ። ምስጢሩ በሰፊው የወጣው በ1973 ነው፤ በራዳር ጣቢያ ያገለገለ አንድ መኮንን ለሴኔት ቀርቦ ሲናገር። ልዩነቱ የእኛ ቅኔ ሲፈታ የሚገኘው ወርቅ መሆኑ ነው፤ የእነሱ ሲፈታ የተገኘው የገበሬ መንደር ነበር። በዲሴምበር 1972 ሐኖይን ለ11 ቀን ሲደበድቡም የሆነውን ብዙዎቻችን በታሪክ እናውቀዋለን፤ 15 ቢ-52 ያጡት ያን ጊዜ ነው። ይህን የማነሣው ስለ ሞተር ሲወራ አውሮፕላኑ ምን እንደሚሠራ የሚረሳ ሰው ስለሚበዛ ነው። ሦስት መቶ ገጽ የጨረታ ሰነድ ቢያነቡ ነዳጅ ቆጣቢ የሚለው ቃል ይበዛል፤ ቦምቡ የሚወድቅበት ሰው ጉዳይ ግን በሞተሩ መግለጫ ውስጥ አይገባም።

አሁን ስለ መተካካት። ይህን ቃል ስጽፍ እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ግን ስለ አውሮፕላን ነው።

ለሽማግሌው ወራሽ ሳይፈለግለት የቀረበት ጊዜ የለም። ቢ-58 የሚባለው ከድምፅ ሁለት እጥፍ የሚፈጥን ጎበዝ ነበር፤ በ1960 ገብቶ በ1970 ወጣ። ከእሱ የሚበልጥ ቫልኪሪ የሚባል ነጭ ውብ አውሮፕላን ተሠራ፤ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ሁለት ብቻ ተሠርተው አንዱ በ1966 በአየር ላይ ግጭት ወደቀ፤ ሁለተኛው ሙዚየም ገባ። ሙዚየሙ ያለው ዴይተን ነው፤ ሽማግሌው በሆቴል ክፍል በተነደፈበት ከተማ። ቢ-1ን ካርተር በ1977 ሰረዙት፤ ሬጋን በ1981 መለሱት፤ መቶ ተሠሩ። ራዳር የማያየው ቢ-2 መጣ፤ 21 ብቻ ተሠራ። አሁን ደግሞ በኖቬምበር 2023 መጀመሪያ የበረረው ቢ-21 ተራውን እየጠበቀ ነው። እና ቢ-21 ሲገባ የሚወጣው ማን ነው? ቢ-1 እና ቢ-2። ዕቅዱ በግልጽ እንዲህ ይላል። ወጣቶቹ ጡረታ ይወጣሉ፤ ሽማግሌው አዲስ ሞተር ይገባለታል፤ ከልጅ ልጁ ጋርም አብሮ ይበራል። መተካካት ማለት ይህ ከሆነ ሽማግሌው ሳይስማማ የቀረበት ጊዜ የለም፤ ሁሌም ለሌሎቹ ይሁን ይላል እንጂ።

የመቃብሩ ነገርም አለ። አሪዞና በረሃ ውስጥ፣ ቱሳን አጠገብ፣ የአሜሪካ መንግሥት አሮጌ አውሮፕላኖቹን የሚያከማችበት ትልቅ ሜዳ አለ። በ1990ዎቹ ከሞስኮ ጋር በተገባው ውል መሠረት 365 ቢ-52ዎች እዚያ ተቆረጡ። በክሬን ላይ የተሰቀለ ወደ 6 ሺህ ኪሎ የሚመዝን ስለት ከላይ ይለቀቅባቸው ነበር፤ ክንፍ ለብቻ፣ አንገት ለብቻ። ቁርጥራጩም የሩሲያ ሳተላይት እያለፈ እንዲቆጥረው ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ቆየ። ያልተቆረጡት ግን ሞቱ ማለት አይደለም። በ2008 ወደዚያ በረሃ የተላከ አንድ ቢ-52 ነበር፤ ያደረሱት ሰዎች እንደገና እስክንፈልገው በደንብ ያዙልን የሚል መልእክት አውሮፕላኑ ውስጥ ጽፈው ሄዱ። በእርግጥም በ2019 ፈለጉት። አራግፈው፣ ጠጋግነው፣ አስነሥተው ወደ ሥራ መለሱት። ከእሱ ቀደም ብሎም በ2015 ሌላ ወንድሙ ከዚያው ሜዳ ተነሥቷል። እንግዲህ በዚያ ሰፈር የመጨረሻ ስንብት የሚባል ነገር የለም፤ የመሸኛ ንግግሩ ውስጥ ራሱ መጥሪያው አለበት።

ከሩሲያ በኩል አንድ እኩያ አለው፤ ቱ-95 ይባላል፤ የበረረውም በዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር 1952 ነው። ለእሱም ሞተሩ ተሻሽሎለት በ2020 በርሯል። አንዱ ጡረታ እንዳይወጣ ሌላኛው በቂ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም ይህን ያውቁታል።

አዲሶቹ ስምንት ሞተሮች ሲገቡ የአውሮፕላኑ ስም ይለወጣል። «ኤች» መባሉ ቀርቶ «ጄ» ይባላል። በመካከል ያለው ፊደል ተዘሏል። አዲስ ራዳርም ይገባለታል፤ የአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ያሉት መርፌ ያላቸው አሮጌ ሰዓቶች ወጥተው ዘመናዊ ስክሪን ይተካቸዋል። ክንፉ ያው ነው፣ አካሉ ያው ነው፣ ጅራቱ ያው ነው፤ ፊደሉ ግን አዲስ ነው። ወታደሮቹ ያወጡለት የቁልምጫ ስም አለ፤ ግዙፉ፣ አስቀያሚው፣ ወፍራሙ ማለት ነው። እሱ እንደሚለወጥ አልሰማሁም።

ያለ አድልዎ ለመናገር፣ ለሽማግሌው የሚከራከሩለት ሰዎች ከንቱ አይደሉም። አዲስ አውሮፕላን ከባዶ መሥራት ስንት እንደሚፈጅ ቢ-2ን አይተዋል። ይህኛው አካሉ ጠንካራ ነው፤ ሲሠራ ያለ ስስት ነው የተሠራው። አብዛኛውን የቀዝቃዛውን ጦርነት ዘመን ለጥሪ ተዘጋጅቶ መሬት ላይ ቆሞ ስላሳለፈም የበረረበት ሰዓት ከዕድሜው ጋር ሲተያይ ብዙ አይደለም። በሌላ አነጋገር፣ ረጅም ዕድሜ የሰጠው ብዙ አለመሥራቱ ነው። ይህ ክርክር ምክንያታዊ ነው፤ ብዙ አረጋውያንን ወንበራቸው ላይ ያቆየውም ይኸው ክርክር ነው።

ገንዘቡና ቀኑ ግን እንደተባለው አልሄዱም። የሞተር ለውጡ ሥራ በጠቅላላው ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ ነበር፤ ወደ 9 ቢሊዮን ተጠግቷል። በ2030 ገደማ ለሥራ ይደርሳሉ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ወደ 2033 መገፋታቸውን የአሜሪካ መንግሥት የኦዲት ተቋም በ2024 አስታውቋል። ራዳሩም በጀቱን አልፎ ለምክር ቤት ሪፖርት ተደርጎበታል። አሮጌዎቹ ቲኤፍ-33ዎች ከ2030 በኋላ ሊጠገኑ አይችሉም የተባለው ደግሞ አዲሶቹን ለማስገዛት በቀረበው ማስረጃ ላይ ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ሦስት ዓመት አለ። በነዚያ ሦስት ዓመታት አውሮፕላኑን የሚያበሩት ያው ስምንት አሮጌዎች ናቸው፤ በ2033 ከአውሮፕላኖቹ ታናሹ 71 ዓመት ይሞላዋል።